ጊኒ ፒግዎ ሲተነፍስ ሲር ሲር ካለ፦ ለደብረ ብርሃንና ለአካባቢው አርቢዎች ዝርዝር መመሪያ

ከሁሉ አስቀድሞ፦ ቤት ውስጥ የተረፈ አሞክሳሲሊን አለ ብለው እንዳይሰጡት። ለበግ የሚወጋውን የፔኒሲሊንና የስትሬፕቶማይሲን ቅልቅል፣ ፔንስትሬፕንም፣ እንዳያስወጉት። ምክንያቱን ወደ ታች በሰፊው እጽፈዋለሁ። ይህን የሚያነቡት እንስሳው ጭንዎ ላይ ተኮራምቶ ደረቱ ሲር ሲር እያለ ከሆነ ግን ሌላውን ሳያነቡ ይህችን ይያዙ።

እኔ የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም። ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው። የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በካርቶን ይዞልኝ የመጣቸውን ሁለት ጊኒ ፒጎች፣ ዳማንና ቡላን፣ ሳሳድግ አራተኛ ዓመቴ ነው። ስማቸው እንደ ፈረስ ከመልካቸው የወጣ ነው። ጎረቤቶቼ ግን እስካሁን «አይጦችሽ እንዴት ናቸው?» እያሉ ነው የሚጠይቁኝ። እዚህ አገር በግ ሲያስለው ምን እንደሚደረግለት የማያውቅ ሰው የለም። ስለ ጊኒ ፒግ ሲጠይቁ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጥዎ ያው የበጉ መልስ ነው። መከራውም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ከፍታውን ነው። ከፍታው አይጎዳውም። ጊኒ ፒግ የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ልጅ ነው፤ የዚያ አገር ገበሬዎች እኛን በሚያህል፣ ከእኛም በሚበልጥ ደጋ ላይ በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት አርብተውታል። ወጥ ቤት ውስጥ ሲሯሯጥ ነው የሚያድገው። በእርግጥ እነሱ የሚያረቡት ለድስት ነው፤ ስድስት ሰባት ዓመት እንዲኖርላቸው አይጠብቁም። እኛ ግን እንጠብቃለን፤ ስለዚህ ስለ ጭሱና ስለ ብርዱ መጨነቅ የእኛ ድርሻ ነው።

1. ድምፁ የትንፋሽ ነው ወይስ የወሬ?

ጊኒ ፒግ ወሬኛ እንስሳ ነው። ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ሲሰማ «ዊክ! ዊክ!» ይላል፤ ሲያሻሹት እንደ ድመት ኩርር ይላል፤ ሲናደድ ጥርሱን ያፋጫል። ይህ ሁሉ ደህና ነው። የትንፋሽ ድምፅ ከዚህ የሚለየው ጎኑ በተነሣና በወደቀ ቁጥር እኩል በመመላለሱ ነው፤ እንስሳው ሲያርፍም አይተወውም። መዳፍዎን ቀለል አድርገው ጎኑ ላይ ያሳርፉና ድምፁ ከእጅዎ ጋር የሚሄድ መሆኑን ይዩ።

በቀን አንድ ሁለቴ ማስነጠስ፣ በተለይ አዲስ ድርቆሽ ሲገባለት፣ አያስደነግጥም። ዐይኑ ላይ ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ብቅ ብሎ ካዩም ፊቱን የሚታጠብበት ነውና ይተዉት። የሚያስፈራው ደርቆ ዐይኑን የሚያጣብቅ አይናር ነው።

አንዳንዴ ደግሞ በድንገት «ሁክ ሁክ» እያለ አንገቱን ዘርግቶ ያስፈራዎታል። ብዙውን ጊዜ የድርቆሽ ቅንጣት ወይም አቧራ አፍንጫው ገብቶ ነው። ትንሽ ቆይቶ ከተወውና ወደ መብሉ ከተመለሰ አበቃ። በየቀኑ የሚመላለስበት ከሆነ ግን ከአቧራ ያለፈ ነገር አለ ማለት ነው፤ በዕድሜ በገፋ ጊኒ ፒግ ላይ የልብ ድካምም እንዲህ ያሰማል።

2. ሳይነኩት ይቁጠሩ

ከያዙት በኋላ የሚቆጥሩት የፍርሃቱን ትንፋሽ ነው። ስለዚህ ራቅ ብለው ይቀመጡና በስልክዎ ሰዓት ለ15 ሰከንድ ጎኑ ስንት ጊዜ እንደተነሣ ይቁጠሩ፤ ከዚያ በ4 ያባዙ። የተረጋጋ ጤነኛ ጊኒ ፒግ በደቂቃ ከ40 እስከ 100 ገደማ ይተነፍሳል። ክልሉ ሰፊ ነው፤ ስለዚህ የራሱን ቁጥር ደህና በሆነበት ቀን ወስደው ግድግዳ ላይ ቢጽፉት ይሻላል። የእኔዋ ዳማ በደህናዋ ቀን 70 አካባቢ ናት። ታማ የቆጠርኩባት ቀን 130 ደርሳ ነበር፤ የግድግዳዋ 70 ባትኖር ኖሮ «ትንሽ ፈጠን አለች» ብዬ አልፈው ነበር።

እግረ መንገድዎን አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ይቅረጹ፣ ድምፁም ይግባ። ጊኒ ፒግ ሕመሙን የሚደብቅ እንስሳ ነው፤ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ከዚያ ይመዝኑት። የወጥ ቤት ሚዛን ከሌለዎት ባለሱቁን ይለምኑት፤ ይስቅብዎታል እንጂ እምቢ አይልም። ያደገ ጊኒ ፒግ ከ700 እስከ 1,200 ግራም ይመዝናል። አንድ ኪሎ የነበረው በጥቂት ቀናት ውስጥ 50 ግራም ከቀነሰ ይጠንቀቁ፤ 100 ግራም ከቀነሰ ነገሩ ከብዷል።

3. ከአፍንጫ ነው ከደረት?

አሁን ይያዙት። አንድ እጅ ከደረቱ ሥር፣ አንድ እጅ ከመቀመጫው ሥር፤ በጀርባው እንዳያስተኙት። መጀመሪያ አፍንጫውን ይዩ፦ እርጥብ ነው? ንፍጥ ደርቆበታል? ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚረሳውን ቦታ ይመልከቱ፤ የፊት እግሮቹን ውስጠኛ ጎን። ጊኒ ፒግ ንፍጡን በእጁ ስለሚጠርግ አፍንጫው ንጹሕ መስሎ እጁ ላይ ያለው ጸጉር ተጣብቆና ተጨማድዶ ያገኙታል።

ከዚያ ቤቱን ጸጥ አድርገው ጆሮዎን ከጎኑ ላይ፣ ከፊት እግሩ ኋላ ያሳርፉ። ድምፁ አፍንጫው ጋ የሚጎላ ፉጨት ከሆነ ችግሩ ላይኛው ክፍል ነው፦ ጉንፋን መሰል ሕመም፣ አቧራ፣ ወይም ሥሩ ወደ ላይ ያደገ የመንጋጋ ጥርስ። ደረቱ ውስጥ ሽሮ ሲንተከተክ ዓይነት ቱክ ቱክ የሚል ከሰሙ ሳንባው ውስጥ ፈሳሽ አለ፤ የሳንባ ምች ይጠርጥሩ። ቤትዎ ውስጥ ጤና ጣቢያ የሚሠራ ሰው ካለ የደረት ማዳመጫውን ይዋሱት። ሁለቱንም ጎን ያዳምጡ፤ ምቹ አንዱን ሳንባ ብቻ ይዞ ሊሆን ይችላል።

ሆዱንም ይዳስሱት። እንደ ከበሮ የተነፋ ከሆነ ትንፋሹ ያጠረው ከሆዱ የተነሣ ነው፤ እሱም ለነገ የሚባል አይደለም።

4. አሁኑኑ ወይስ ነገ?

ጊኒ ፒግ በተፈጥሮው የሚተነፍሰው በአፍንጫው ነው። አፉን ከፍቶ ሲተነፍስ ካዩት ወይም ሆዱን እንደ ወናፍ እየነፋ ቁና ቁና ከተነፈሰ፣ ከንፈሩና ድዱ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ፣ ወይም ግማሽ ቀን ሙሉ ምንም ካልቀመሰ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ይፈልጉ፤ ስልክ መደወል ይጀምሩ። ድምፁ ኖሮ የሚበላ፣ የሚሮጥ፣ ፌስታል ሲሰማ የሚጮህ ከሆነ ግን በነጋታው ያድርሱት። አንድ ቀን ብቻ ያስነጠሰ ከሆነና ክብደቱ ካልተነቃነቀ ቤቱን አስተካክለው ለሁለት ቀን ይከታተሉት።

«ትንሽ ደኅና ሆኗል» የሚባለው ነገር እኔን ሁለት ቀን አሳጥቶኛል። መብላቱን እንጂ መልኩን አይመኑ።

5. ቤትዎን ይመርምሩ

እውነቱን ለመናገር የእኛ አገር ጊኒ ፒግ ደረቱን የሚያመው በአብዛኛው ከእኛው አኗኗር ነው። ዳማም የታመመችው በእኔ ደግነት ነው። ኅዳር ላይ ውርጩ ሲጀምር ሌሊት እንዳይበርዳት ብዬ ቤታቸውን ወጥ ቤት አስገባሁት። ወጥ ቤቱ ይሞቃል፤ የሚያሞቀው ደግሞ ኩበትና ከሰል ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሲር ሲር ማለት ጀመረች። የከሰል ማንደጃ ባለበት ክፍል፣ በርበሬ በሚታመስበት፣ ኩበት በሚነድበት ቦታ አያኑሯቸው። ዕጣኑን መተው አይቻልም፤ ቡና ያለ ዕጣን አይሆንም። ስለዚህ ቡናው እስኪያልቅ እነሱን ሌላ ክፍል ይውሰዷቸው፤ ለእኛ ደስ የሚለው ጭስ መሬት ለመሬት ለሚኖር ትንሽ ሳንባ ጭስ ነው።

ሁለተኛው ጥፋት ሰጋቱራ ነው። አናጺ ቤት በነጻ ይሰጥዎታል፤ ሽታውም ያውዳል። ችግሩ ያ ሽታው ነው። የጽድ ሰጋቱራ ውስጥ ያለው ጠረን የእንስሳውን የመተንፈሻ አካል ያስቆጣል፤ የሌላውም እንጨት ደቃቅ ብናኝ አፍንጫው ይገባል። እኔ ከታች ጋዜጣ፣ ከላይ አሮጌ ለስላሳ ጨርቅ፣ ከዚያ ወፍራም ድርቆሽ አነጥፋለሁ። ጨርቁ በየሁለት ቀኑ ይታጠባል።

ስለ ድርቆሽ ካነሣን፦ ድርቆሽና ጭድ አንድ አይደሉም። የገብስና የጤፍ ጭድ ለመኝታ ይሆናል እንጂ ለምግብ አይበቃም፤ አቧራውም ብዙ ነው። ድርቆሽ ሲገዙ ከእስሩ መሐል አንድ ጭብጥ ይምዘዙና ያሽትቱት። የሻገተ ከሸተተ ወይም ሲያራግፉት ነጭ ብናኝ ከተነሣ ለላሟም ለጊኒ ፒጉም አይሆንም። በተለይ ክረምቱን የተቀመጠውን ይጠርጥሩ፤ ጣርማ በር አካባቢ ጉም በማይለቅበት ወቅት ደረቅ ነገር የሚባል የለም። የተገዛውንም ውጭ አራግፈው ያስገቡ።

ሽንትም አለ። እርስዎ ቆመው ምንም አይሸትዎትም። ይንበርከኩና አፍንጫዎን እሱ በሚተኛበት ቁመት ላይ ያድርጉ፤ ዐይንዎን ከቆጠቆጠዎት እሱን ሌሊቱን ሙሉ ሲቆጠቁጠው አድሯል።

ብርዱን በተመለከተ ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ይስማማዋል። በእኛ ከተማ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ፤ ቤቱም ከበር ሥር ንፋስ ያስገባል። ቤታቸውን ከመሬት ከፍ አድርገው ከውስጠኛው ግድግዳ ያስጠጉና በሦስት ጎን ባና ይጋርዱበት። የመንዝ ባና ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ ግን ከውጭ ይሁን እንጂ ወደ ውስጥ አያስገቡት፤ የሱፉን ክር ይበሉታል። በጣም በሚበርድ ሌሊት ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውኃ ሞልተው በካልሲ ሸፍነው ጥግ ላይ ያኑሩላቸው፣ ሲሞቃቸው የሚሸሹበት ቦታ ግን ይተዉ። ሸዋ ሮቢት ላላችሁ ደግሞ ጉዳዩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከ27 ዲግሪ በላይ ሲሆን ሙቀቱ ራሱ ቁና ቁና ያስተነፍሰዋል፣ ሊገድለውም ይችላል። ጥላና ውኃ፣ ወለሉም ላይ ቀዝቃዛ ንጣፍ ድንጋይ ያስፈልገዋል።

6. ክሊኒክ ሲሄዱ

ዳማን መጀመሪያ የወሰድኳት በአቅራቢያዬ ወዳለ የእንስሳት ክሊኒክ ነበር። ባለሙያው ትሑት ሰው ነው፤ «በግ ስንቱን አድነናል» ብሎ ፔንስትሬፕ ቀዳ። መርፌውን ይዞ ሳለ «አንድ ጊዜ ቆይ ወንድሜ» ብዬ አዲስ አበባ ወዳለ የቤት እንስሳት ሐኪም ደወልኩ። ሐኪሟ ገና «ፔን...» ስል «እንዳይወጋት!» ነበር ያለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጊኒ ፒግ አንጀት ሣሩን የሚፈጩለት በጎ ባክቴሪያዎች መኖሪያ ነው። ፔኒሲሊን፣ አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ኤሪትሮማይሲንና ክሊንዳማይሲን እነዚህን ይጨርሱና ቦታውን መርዝ የሚያመነጩ ክሎስትሪዲየም የሚባሉት ይወርሱታል። ሳንባው እየተሻለው በተቅማጥ ይሞታል። ፔንስትሬፕ ላይ ደግሞ ስትሬፕቶማይሲን አለ፤ እሱ ለጊኒ ፒግ በቀጥታ መርዝ ነው። ኦክሲቴትራሳይክሊንም፣ በጉን የሚያድነው ያ ቢጫ መርፌ፣ አንጀቱን እንዲሁ ያውክበታል።

ሐኪሞች ለዚህ እንስሳ የሚመርጧቸው ኤንሮፍሎክሳሲንንና ትራይሜቶፕሪም ከሰልፋ ጋር የተቀላቀለበትን፣ በሰው ፋርማሲ ኮትራይሞክሳዞል የሚባለውን ነው። መጠኑን እዚህ አልጽፍም፤ በክብደቱ ተሰልቶ ሐኪም የሚያዘው ነው። ግን ይህን ይወቁ፦ ለዶሮ ውኃ ውስጥ የሚጨመረው የኤንሮፍሎክሳሲን ፈሳሽ እጅግ የበረታ ስለሆነ ሳይበረዝ አፉ ውስጥ ከገባ ያቃጥለዋል። ለባለሙያው ሦስት ነገር ይንገሩት፦ ክብደቱን በግራም፣ የትንፋሹን ቁጥር፣ «ፔኒሲሊን የማይችል እንስሳ ነው» የሚለውንም። ካላመነዎት ስልክ ከሐኪም ጋር ያገናኙት፤ እኔ እንዲያ ነው ያደረግሁት፣ አልተቀየመኝም።

አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ደግሞ ከዚያ ያልፋል። የሚጓዙ ከሆነ አየር የሚያስገባ ካርቶን፣ ብዙ ድርቆሽ፣ ለውኃ ምትክ አንድ ቁራጭ ኪያር ይያዙ። ጓደኛው አብሮት ይሂድ፤ ብቻውን ሲሆን መብሉን ይተዋል። መኪናው ውስጥ «መስኮቱን ዝጉት፣ ብርድ ይመታናል» የሚሉ እናት ከገጠሙዎ ለዛሬ ከእሳቸው ጋር ይስማሙ።

7. የቤት መድኃኒት ነገር

ባሕር ዛፍ አያጥኑት። እኛ ጉንፋን ሲይዘን የምናደርገው ስለሆነ እጅ ይቀናዋል፤ ለእሱ ግን የቅጠሉ ዘይት የመተንፈሻ ቧንቧውን የበለጠ ያስቆጣዋል። ነጭ ሽንኩርት ለጊኒ ፒግ ደሙን የሚጎዳ ነገር ነው። ፌጦ፣ ዳማከሴና ጤና አዳም በዚህች ትንሽ አንጀት ላይ አይሞከሩ። አፍንጫው ብቻ ለተዘጋበት እንስሳ ምንም ያልተጨመረበት የሻወር እንፋሎት ባለበት ክፍል አሥር ደቂቃ አቅፎ መቀመጥ ይረዳል፤ ከዚያ ጸጉሩ እርጥብ ሆኖ ወደ ብርድ እንዳይወጣ።

8. መብልና ቫይታሚን ሲ

ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ቫይታሚን ሲን በሰውነቱ አይሠራም። ሲጎድልበት መገጣጠሚያው ያብጣል፣ ጸጉሩ ይንጨባረራል፣ ሳንባው ለበሽታ ይጋለጣል። ደህና ለሆነ አንድ ኪሎ እንስሳ በቀን ከ10 እስከ 30 ሚሊግራም ይበቃል፤ የታመመ እስከ 50 ይሰጠዋል። የሐበሻ ጎመን ጥሬውን ታጥቦ፣ የማያቃጥለው ትልቁ ቃሪያ፣ ከቆላ የመጣ የዘይቱን ፍሬ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይስጡት። ለታመመ ግን ፋርማሲ ያለው 500 ሚሊግራም ተራ እንክብል ይቀላል፤ ስኳርና ሌላ ቫይታሚን የተጨመረበት አይሁን። እንክብሉን ፈጭተው በ10 ሚሊ ሊትር ውኃ ያሟሙት፤ ግማሽ ሚሊ ሊትሩ 25 ሚሊግራም ይይዛል። የተረፈውን ይድፉት፤ ቫይታሚን ሲ ውኃ ውስጥ አይቆይም። ለዚህም ነው ከመጠጫው ውስጥ መጨመር የማያዋጣው።

መብል ካቆመ አንጀቱ ይቆማል፤ እሱም እንደ ሳንባ ምቹ ይገድላል። ድርቆሹን ደቁሰው፣ የጊኒ ፒግ መኖ ካለዎት በሙቅ ውኃ አርሰው እንደ ቀጭን አጥሚት አድርገው ያዘጋጁ። መርፌ በሌለው ስሪንጅ፣ ከፊት ሳይሆን ከጥርሱ በስተጎን፣ ግማሽ ሚሊ ሊትር እየጨመሩ፣ አኝኮ እስኪውጥ እየጠበቁ ይመግቡት። ቀኑን ሙሉ የሚያስፈልገው ለአንድ ኪሎ እንስሳ ከ50 እስከ 80 ሚሊ ሊትር ነው፤ አምስት ስድስት ጊዜ ይከፋፈል። አፉን ከፍቶ እየተነፈሰ ከሆነ ግን ምንም በአፉ አይስጡት፤ ሳንባው ይገባል። መጀመሪያ ኦክስጅን ያለው ቦታ ይድረስ።

9. ከተሻለው በኋላ

መድኃኒቱን ሲር ሲሩ በጠፋ ማግስት አያቁሙ፤ ሐኪሙ ያዘዘውን ቀን ይጨርሱ። ጓደኛውንም በየቀኑ ይመዝኑ፤ ቦርዴቴላ የሚባለው የምች ባክቴሪያ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል። ጥንቸልና ውሻ ይህንኑ ባክቴሪያ ምንም ሳያማቸው ይዘው ይዞራሉ፤ ስለዚህ ከጥንቸል ጋር በአንድ ቤት አያኑሯቸው፤ ውሻውን ዳብሰው ከመጡም እጅዎን ታጥበው ይንኳቸው። አዲስ ጊኒ ፒግ ሲያመጡ ለሁለት ሳምንት ሌላ ክፍል ለብቻው ይቆይ።

ዳማ አሥር ቀን መድኃኒት ወሰደች። በአምስተኛው ቀን ትንፋሿ 90 ገባ፤ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ግድግዳዋ 70 ተመለሰች። ክብደቷን ለመመለስ ግን አንድ ወር ፈጀባት፤ ስለዚህ ቁጥሩ ሲስተካከል ሚዛኑን ወደ ባለሱቁ ለመመለስ አይቸኩሉ።